በረሃብተኛ ጉልበት የተቆፈረ መንገድ

በሰሜን ስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ካምፐርቫን፣ ማለትም አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪና፣ ተከራይቶ መዞር የታወቀ የአገር ጎብኚ ልማድ ሆኗል። ከኢንቨርነስ ግንብ ተነሥቶ እዚያው የሚመለሰው «ኖርዝ ኮስት 500» የተባለው መስመር ለጎብኚ የተዋወቀው በ2015 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ርዝመቱ 516 ማይል፣ ወደ 830 ኪሎ ሜትር ነው። ጎብኚውን የሚስበው ገደሉ፣ ጭጋጉ፣ ውሎ የሚያድረው ዝናብና ጭስ የማይወጣበት ሸለቆ ነው፤ የሰው እጅ ያልነካው ምድር እየተባለም ይሞገሳል። ታሪኩ ግን ለዚህ ሙገሳ አይመሰክርም። ሸለቆው ሰው አልባ የሆነው ሰው ሰውን ስላባረረ ነው፤ መኪናው ከሚሄድበት መንገድም ከፊሉን የቆፈሩት ረሃብተኞች ናቸው።

ነገሩ ከበግ ይጀምራል። በ18ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በተከታዩ መጀመሪያ ላይ የሃይላንድስ፣ ማለትም የስኮትላንድ ደጋማ ክፍል፣ ባለመሬቶች ከጭሰኛ ከሚሰበስቡት ይልቅ በግ አርቢ የሚከፍላቸው ኪራይ እንደሚበልጥ አዩ። በሰዘርላንድ የስትራዝኔቨር ሸለቆ ነዋሪዎች በ1814 እና በ1819 ከየቤታቸው ተባረሩ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም ጣሪያቸው ተቃጠለ። ከአባራሪዎቹ አንዱ ፓትሪክ ሴላር በ1816 ኢንቨርነስ ላይ በሰው ሞትና በቤት ማቃጠል ተከስሶ በነጻ ተሰናበተ። ለተፈናቃዮቹ የተሰጣቸው በባሕሩ ዳር የተመተረ ጠባብ መሬት ነበር። የጠበበውም መሬት ጠፍቶ አይደለም፤ ገበሬው በእርሻው ብቻ መኖር ካልቻለ ዓሣ ለማጥመድና አመዱ የሚሸጠውን የባሕር አረም ለባለመሬቱ ለማቃጠል ይገደዳል ተብሎ ነው። ቤቲሂል የምትባለው የዳርቻ መንደር እንዲህ ለተፈናቀሉት የተቆረቆረች ስትሆን፣ ስሟ የተወሰደው ካፈናቀላቸው ርስት ባለቤት ከእመቤት ኤልሳቤጥ ነው፤ ከዚህ የባሰ ምጸት አላውቅም። በዚያች ቁራሽ መሬት ቤተሰብ የሚያኖር ሰብል ድንች ብቻ ነበር። በ1846 ድንቹን የሚያበሰብሰው በሽታ ደረሰ። በሽታው የሚስፋፋው በቀዝቃዛና በእርጥብ አየር ነውና፣ አትላንቲክ ዝናቡን የሚያወርድበት ምዕራቡ ዳርቻ ተመቸው። የዛሬው ተጓዥ ከመኪናው መስኮት የሚያየው ዝናብ ያኔ የሰው ቀለብ ከማሳው አሳጥቷል።

እርዳታ መጣ፤ አመጣጡ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1847 የተቋቋመው ማዕከላዊ የእርዳታ ቦርድ ጉልበት ያለው ሰው ሳይሠራ እንዳይበላ ወሰነ። አሠራሩ ሲጠብቅ የቀን ሙሉ ሥራ ዋጋ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ያህል፣ ዱቄት ሆነ። «ምግብ ለሥራ» ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ግን ክፍያው ያነሰው ሆን ተብሎ ነበር፤ ሌላ አማራጭ ያለው ሰው ወደ ሥራው ዝር እንዳይል። ከብሬሞር ወደ ዳንዶኔል የሚወስደው መንገድ የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው፤ ዛሬም «የችግር መንገድ» ይባላል። በማሪ ሐይቅ ዳር ወደ ጌርሎክ የሚያልፈውም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ሁለቱም በዛሬው የጎብኚ መስመር ላይ ይገኛሉ። ማሽን የሌለው፣ ጠግቦ ያልበላ ሰው በዝናብ ድንጋይ እየፈለጠ ያወጣው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ መንገድ ግንባታ ከረሃቡ በፊት ተጀምሯል የሚል ነው። እውነት ነው። በ1803 የተቋቋመው የሃይላንድስ መንገዶችና ድልድዮች ኮሚሽን በመሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ መሪነት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይሎች ሠርቷል፤ ወደ አፕልክሮስ የሚሻገረውና 626 ሜትር ከፍታ ላይ የሚወጣው በላክ ና ባ መንገድም በ1822 የተሠራ ነው። የኮሚሽኑን ወጪ ግማሽ የሸፈኑት ግን ባለመሬቶች ናቸው፤ መንገዱም ያለፈው ለርስታቸው በሚጠቅመው በኩል ነው። የረሃቡ ዘመን የጨመረው ርካሽ ጉልበትን ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የስኮትላንዱ ረሃብ በዚያው ዘመን አየርላንድን እንደ መታው ረሃብ ሕዝብ አልፈጀም፤ ታዲያ ዱቄቱ ሕይወት አላዳነም ወይ? አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የዳነው ሰው በአገሩ አልቆየም። ለእርዳታው ጥብቅ አሠራር የተሟገተው ባለሥልጣን ቻርልስ ትሬቬልያን ከ1852 ጀምሮ ሰው ወደ አውስትራሊያ የሚልክ ማኅበር መራ፤ ማኅበሩም ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎችን ልኳል። በየባለመሬቱ የተሸኘውና በራሱ የሄደው ሲጨመር፣ ዳርቻው የባዶነት መልኩን ከየት እንዳገኘ ግልጽ ይሆናል።

ለመዝናናት በተሽከርካሪ ቤት የመዞር ልማድም ከዚህ ታሪክ ጋር ይገጣጠማል። የቀድሞው የባሕር ኃይል ሐኪም ጎርደን ስቴብልስ «ዋንደረር» ብሎ የሰየመውን በፈረስ የሚጎተት ካራቫን ብሪስቶል ላይ አሠርቶ በ1885 ኢንቨርነስ ድረስ ተጉዞበታል፤ ሠረገላ ነጂና አሽከር አስከትሎ። የዛሬው ካምፐርቫን አያት ይህ ነው። በዚያው ዓመት የሃይላንድስ ጭሰኞች ከባለመሬቶች ጋር ተፋጠው ነበር። በ1882 በስካይ ደሴት ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል፤ ከመሬታቸው እንዳይነቀሉ ዋስትና የሰጣቸው ሕግ የወጣውም ካራቫኑ ባለፈ ማግሥት፣ በ1886 ነው። ሕጉ የቀረውን አጸና እንጂ ለሄደው አልደረሰለትም።

ጎብኚው ገንዘብ ያመጣል፣ ስለ ድሮ ምን አስጨነቀን የሚል ሰው ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ሥራ ያጣ መንደር እንግዳ ይፈልጋል። ነገር ግን «ማንም የለበትም» የሚለው ማስታወቂያ የአነዳድ ጠባይም ያስተምራል። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ በእግር የማለፍና ድንኳን ተክሎ የማደር መብት ሲሰጥ በሞተር ለሚሄድ አልፈቀደም። ብዙ ካምፐርቫን ነጂ ግን ሕጉ ለእሱም የሆነ ይመስለዋል። መንገዱ በብዙ ስፍራ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው፤ ለመተላለፊያ የሰፋችው ቦታ ላይ ካምፐርቫን ካደረባት፣ ከወዲያ የሚመጣው የመንደሩ ሰው ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ ሥራ ቢሄድ፣ ኋላ ማርሽ አስገብቶ መመለስ አለበት።