«ምሕረት» የሚል ቁልፍ

ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ያውም በብዕሩ አድሬያለሁ የሚል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ኮምፒዩተር ፊት ተጎልቶ አንዲት እንቁራሪት ሲያሞግስ ቢገኝ ምን ይባላል? እኔ «አበደ» ተብያለሁ። ያለችኝ እህቴ ናት። ጨዋታውን ያመጣብኝ ግን የገዛ ልጇ ስለሆነ ክሱ ብዙም አልጸናም።

የጨዋታው ስም «አንደርቴል» ነው። ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ታሪኩንም፣ ሙዚቃውንም፣ ፕሮግራሙንም ከሞላ ጎደል ብቻውን ሠርቶ በ2015 አወጣው፤ በሥዕሉ በኩል ዋና ረዳቱ ቴሚ ቻንግ ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።) ሰዎችና ጭራቆች ተዋግተው ሰዎቹ ድል ነሡ፤ ጭራቆቹንም ከተራራ ሥር በአስማት ዘጉባቸው። ከዘመናት በኋላ አንድ ልጅ ተራራው ላይ ወጥቶ ወደ እነሱ አገር ይወድቃል። ተጫዋቹ ያ ልጅ ነው። ጭራቅ በገጠመው ቁጥር አራት ቁልፎች ይቀርቡለታል፦ መዋጋት፣ አንድ ነገር ማድረግ፣ ዕቃ መጠቀም፣ አራተኛውም ምሕረት።

ጭራቆቹ ደግሞ ጉደኞች ናቸው። እንቁራሪቷን ብታሞግሳት ያልከው አይገባትም፣ ደስ ግን ይላታል፤ ከዚያ ወዲያ መዋጋቷን ትተዋለች። ጋሻ የያዘ አንድ ውሻ አለ፤ በደባበስከው ቁጥር አንገቱ እየረዘመ እየረዘመ ከስክሪኑ በላይ ያልፋል። ሁለት ወንድማማች አጽሞች አሉ፤ ስማቸውን የወረሱት ኮሚክ ሳንስና ፓፒረስ ከሚባሉት የፊደል ቅርጾች ነው፤ እያንዳንዳቸውም የሚናገሩት በየስማቸው ፊደል ነው። ፓፒረስ ሰው ማርኮ የንጉሥ ዘበኛ ለመሆን የቆረጠ ጀግና ነው። ወጥመድ ብሎ ያጠመደልኝ አንድ ሳህን ፓስታ ሲሆን፣ እሱም በብርዱ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቆ ደርቋል።

ይህ ሁሉ ቀልድ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስቆፍር 1974 ላይ ደረስኩ። በዚያ ዓመት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን የወረቀትና የዳይስ ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ ይሆናሉ። ጭራቅ የገደለና ሀብት የዘረፈ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም «ልምድ» ይባላል። ልምድ ሲጠራቀም ማዕረግ ይወጣል። ይህ ሒሳብ ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር እንዳለ ተሻገረ። ጭራቁ ማነው፣ ከየት መጣ፣ ልጅ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጭራቅ መሰላል ነበር፤ የሚረገጥ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መሰላሉ ፈገግ ያለው ጃፓን ውስጥ ይመስለኛል። በ1986 «ድራገን ኳስት» ሲሠራ ዩጂ ሆሪ ደካማውን ጭራቅ እንደ ጭቃ ክምር አድርጎ ነደፈው። ሠዓሊው አኪራ ቶሪያማ (በ2024 ያረፈው የ«ድራገን ቦል» ደራሲ) ያንን ጭቃ ተቀብሎ ዓይኑ የተጉረጠረጠ፣ ጥርስ በጥርስ የሆነ ሰማያዊ ጠብታ አድርጎ መለሰው። ጨዋታው በራሱ ጀግናም ላይ ያላግጣል፤ ስትሞት ንጉሡ ፊት ቀርበህ ስለ መሞትህ ትወቀሳለህ፣ ከኪስህም ግማሹ ገንዘብ ይጎድላል። ሆኖም ያንን ፈገግተኛ ጠብታ በደርዘን በደርዘን ሳይገድሉ ወደፊት መሄድ የለም። ፊት ተሰጠው እንጂ ምሕረት አልተሰጠውም።

ቀጥሎ የመጣው ሰው የኮምፒዩተር ሰው አልነበረም። ሺገሳቶ ኢቶይ ማስታወቂያ በመጻፍ ስሙ የገነነ ጃፓናዊ ነው። በ1989 «ማዘር» የተባለውን፣ በ1994 ደግሞ ሁለተኛውን አወጣ። ሁለተኛው እየተንከባለለ ሊቀር ሲል ሳቶሩ ኢዋታ የተባለ ፕሮግራመር ደርሶ «ያለውን ልጠግን ካላችሁኝ ሁለት ዓመት፣ እንደ አዲስ ልጀምር ካላችሁኝ ስድስት ወር» አላቸው ይባላል። እንደ አዲስ ተጀመረ። ኢዋታ ኋላ የኔንቲዶ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

በኢቶይ ጨዋታ ጀግናው ሰይፍ የለውም፤ የቤዝቦል ዱላ ይዞ የሚዞር ልጅ ነው። አባቱን አናየውም፣ ድምፁ በስልክ ብቻ ይሰማል፤ ገንዘብ በባንክ ይልካል፣ ብዙ ሲጫወት ካመሸም እረፍ ይለዋል። ልጁ የእናቱ ናፍቆት ሲይዘው ትግሉ ላይ መፍዘዝ ይጀምራልና ደውሎ ድምጿን መስማት አለበት። የሚገጥሙት ጠላቶች ያበዱ ውሾች፣ የሰፈር ጎረምሶች፣ የሚያሰለቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ሲያሸንፍ ግን «ገደልክ» የሚል የለም፤ እንስሳው ገራም ሆነ ይባላል፣ ሰውየው ወደ ልቡ ተመለሰ ይባላል። የመጨረሻውን ክፉ መሣሪያ አይበግረውም፤ አብራው ያለችው ልጅ ትጸልያለች፣ በመንገድ ያገኟቸውም ሁሉ እየተነሡ ይጸልያሉ፣ በመጨረሻ የተጫዋቹ የራሱ ስም ይጠራል።

አሜሪካ በ1995 ሲገባ አስተዋዋቂዎቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ጨዋታው «ይገማል» የሚል ማስታወቂያ ከሚፋቅ ሽታ ጋር አሰራጩ። ገዢው ጥቂት ሆነ። ከጥቂቶቹ ወዳጆቹ መካከል ግን ቶቢ ፎክስ ነበረ። እሱም በ2013 ለራሱ ጨዋታ ከሕዝብ 5,000 ዶላር ለምኖ ከ51,000 በላይ አገኘ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። «አንደርቴል» ሲጀምር ፍየል የምትመስል ቶሪየል የተባለች ጭራቅ እጄን ይዛ ታሻግረኛለች። በስልክ ደውላ ቀረፋ ትወዳለህ ወይስ ካራሜል ብላ ትጠይቃለች፤ ሁለቱንም ጨምራ ትጋግራለች። ልሂድ ስላት፣ ውጭ ይገድሉሃል ብላ በሩን ዘጋችብኝ፤ ተዋጋን። እኔ እንደ ልምድ አዋቂ ትንሽ ላድክማትና እምራታለሁ ብዬ አሰላሁ። የእኔ ጉልበት ሲያልቅ የእሷ እሳት እኔን እየሳተ ግራና ቀኝ ይወድቅ እንደ ነበር ያየሁት ቆይቼ ነው። የመጨረሻው ምቴ ካሰብኩት እጅግ በለጠና ወደቀች። እየሞተች ጥሩ ልጅ ሁን ብላ መከረችኝ። ስክሪኑ ነጥብ ማግኘቴን አበሠረኝ።

ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አጥፍቼ ካስቀመጥኩበት ጀመርኩ። ሁለተኛ ጊዜ «ምሕረት»ን ደግሜ ደጋግሜ ተጫንኩ፤ እሷም እጇን አወረደች፣ አቅፋኝ ሸኘችኝ። ከበሩ ወዲያ፣ መጀመሪያ ላይ አታሎኝ የነበረው ፈገግተኛ አበባ ቆሞ ጠበቀኝ። ገድለሃት ነበር፣ ስለተጸጸትክ ተመለስክ አለኝ። ለካ ጨዋታው መዝግቦታል። የነጥቡንም ትርጉም ወደ መጨረሻው አካባቢ ሳንስ ነገረኝ፤ እዚህ «ልምድ» መስሎኝ የነበረው የግድያ ነጥብ ኖሯል፣ ማዕረጉም የጭካኔ መለኪያ። ከ1974 ጀምሮ ሲደመር የኖረውን ሒሳብ አንድ ቀልደኛ አጽም ገልብጦ አነበበልኝ።

በማግሥቱ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ መጣ።

«ጋሼ፣ ቶሪየልን ምን አደረግካት?»

«ማርኳት» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና፣

«አበባውስ ምን አለህ?» አለኝ።