ስልክ ያላነሳው የአምቡላንስ ሹፌር

በፈረንሳይ አንድ የአምቡላንስ ሹፌር ከሥራ ሰዓት ውጭ አሠሪው በግል ስልኩ ሲደውልለት አላነሳም። ተባረረ፤ እሱም ከሰሰ። ጉዳዩ ሰበር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2004 ሰበር ችሎቱ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በግል ስልክ አለመገኘት ጥፋት አይደለም አለ። አምቡላንስ መሆኑን ልብ በሉ! «የሰው ሕይወት ነው» ብሎ መከራከር ይቻል ነበር።

ከዚያ ስማርት ፎን መጣ፤ ቢሮው ኪስ ውስጥ ገባ። ፈረንሳይ በ2016 ባወጣችው ሕግ «ግንኙነት የማቋረጥ መብት»ን አስገባች። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች እንዲደራደሩበት ታዘዙ። ኢሜይል አልተከለከለም፤ ተደራደሩ ነው የተባለው።

እኛ የምናውቀው ሌላውን ማቋረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ስንቆይ ያረፈ ሰው አላየሁም፤ የዘመድ ደህንነት እያሰበ የሚጨነቅ ነበር እንጂ። መዝጊያው በራስ እጅ ካልሆነ እረፍት አይባልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት ይሰጣል። «ያልተቋረጠ» ነው የሚለው። ታዲያ እሁድ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ «ይህን አይታችሁ ቶሎ መልሱልኝ» የሚል አለቃ አቋርጧል ወይስ አላቋረጠም? እኔ አቋርጧል ባይ ነኝ።