የጨረራ ደኅንነት አያያዝ በሥራ ቦታ

በሐረር ከተማ እንደ ሕይወት ፋና እና ጁገል ባሉ ሆስፒታሎች የኤክስሬይ ምርመራ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ጨረራ በዓይን የማይታይ፣ በአካልም የማይሰማ በመሆኑ ባለሙያው የተጋለጠበት መጠን የሚታወቀው በልኬት ብቻ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 79/1986 የተቋቋመው የአገሪቱ የጨረራ ቁጥጥር ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተጠናክሯል። በሕጉ መሠረት የጨረራ መሣሪያ ያለፈቃድ አይሠራበትም፤ ቀዳሚው የደኅንነት ኃላፊነትም የባለፈቃዱ ተቋም ነው።

የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መመዘኛ ለጨረራ ሠራተኛ የሚፈቅደው መጠን በ5 ተከታታይ ዓመታት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ በየትኛውም ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም። ለኅብረተሰቡ የተቀመጠው ጣሪያ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛና በኮሪደር ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚጠበቁት በዚሁ ነው።

ተጋላጭነትን የሚቀንሱት ጊዜን ማሳጠር፣ ርቀትን መጨመርና ከለላን መጠቀም ናቸው። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። በምርመራ ወቅት ባለሙያውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከታካሚው አካል ተበትኖ የሚወጣው ጨረራ በመሆኑ ከእርሳስ ከለላ ጀርባ መቆም ይኖርበታል።

በደረት ላይ የሚደረገው መለኪያ ጨረራን ይመዘግባል እንጂ አይከላከልም። በመሳቢያ የተቀመጠ መለኪያ ደግሞ የመሳቢያውን እንጂ የሠራተኛውን መጠን አያሳይም። በመሆኑም የሥራ ኃላፊዎች መለኪያው በሥራ ሰዓት መደረጉን ማረጋገጥ፣ ውጤቱንም በየጊዜው መመርመርና ለሠራተኛው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። እርግዝናዋን ያሳወቀች ሠራተኛ የሥራ ሁኔታዋ ፅንሱን በሚጠብቅ መልኩ ይስተካከላል እንጂ ከሥራ አትገለልም።