ባዜቃን በጭስ ማውጫ ላይ የመለካት ታሪክ

በተማሪነቴ ዘመን ዱርቤቴ ላይ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሲሰበር ስባሪው ተጠርጎ ጓሮ ይጣል ነበር። በእያንዳንዱ አምፖል ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ እንዳለ የሚያስብ አልነበረም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚገኝ በመሆኑ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያም የሚሠራው በጣና ውኃ በመሆኑ፣ የባዜቃ ጭስ የሌላ አገር ጉዳይ ይመስለን ነበር።

የባዜቃን አደጋ ዓለም በሰፊው የተረዳው በጃፓን ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 በታወቀው በሽታ ነው። በዚያ መርዙ በፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ባሕር ገብቶ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ደረሰ። በጭስ የሚወጣው ግን ለመያዝ ይበልጥ ያስቸግራል። ከሰል ወይም ቆሻሻ ሲነድ ባዜቃው ይተናል። ከክሎሪን ጋር የተዋሐደው በማጠቢያ ውኃ ይሟሟል፤ ያልተዋሐደው ግን አልፎ ስለሚሄድ፣ በጭሱ ውስጥ የነቃ ከሰል ዱቄት ተረጭቶ በማጣሪያ ሊያዝ ይገባል።

ሕጉ ከመለኪያው ተለይቶ አልሄደም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ለከሰል ኃይል ጣቢያዎች የባዜቃ ደንብ ቢያወጣም፣ ፍርድ ቤት በ2008 ሻረው፤ ከደንቡ ጋርም ያዘዘው የማያቋርጥ ልኬት ቀረ። አዲሱ ደንብ የጸደቀው በ2011 መጨረሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2000 መመሪያ በበኩሉ ለቆሻሻ ማቃጠያዎች በሜትር ኩብ 0.05 ሚሊግራም ወሰን ሲያበጅ፣ መደበኛውን ልኬት ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ አደረገው። በቀሩት ቀኖች የወጣውን ማን ያውቃል?

ጉዳዩ ወደ እኛ የመጣው በረጲ በኩል ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ካለቁ በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደው የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የከተማው ስባሪ አምፖልም ከቆሻሻው ጋር ወደ ምድጃ ሊገባ የሚችል ሆነ። ከዚህም ሌላ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ያነድዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነትም ቆሻሻ ማቃጠያንና የሲሚንቶ ምድጃን ከከሰል ኃይል ጣቢያ ጎን ዘርዝሯቸዋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቶልናል። ይሁን እንጂ አዋጅ በራሱ አይለካም። በጭስ ማውጫው ላይ የናሙና መውሰጃ ቀዳዳ በንድፉ ማካተት፣ መሣሪያውን በየጊዜው ማስተካከል፣ ውጤቱንም መዝግቦ ለሕዝብ መግለጽ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ከረጲ ጭስ በታች የሚኖረው ሰው ባዜቃን በዓይኑ አያይም፤ ሊያይለት የሚችለው እኛ የምንተክለው መለኪያ ብቻ ነው።