የጅማ ዳገቶችና ብስክሌት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ምድሩ ወደ ታች ሲሰምጥ ይመለከታል፡፡ ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የግቤ ወንዝ መሻገሪያ ግን ከ1,100 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፡፡ ወንዙን የተሻገረ መንገደኛ የወረደውን ሁሉ ወደ አበልቲና ወደ ሰኮሩ በሚወጣው ዳገት ላይ መልሶ ይከፍላል፡፡ በመኪና ለሚጓዝ ሰው ይህ ቢበዛ የጆሮ መደፈን ነው፡፡ በብስክሌት ለሚጓዝ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፡፡ ሰውየውና ብስክሌቱ በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 800 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ ወደ 630 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሥራ ያስፈልጋል፡፡ የጋላቢው ኀይል 100 ዋት ነው ቢባል፣ የነፋሱና የጎማው ሰበቃ ሳይታሰብ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ዕረፍት ፔዳል መርገጥ ይኖርበታል፡፡ የዳገቱ ተዳፋት 5 በመቶ ከሆነ ይህ ሥራ በ16 ኪሎ ሜትር ላይ ይከፋፈላል፤ 10 በመቶ ከሆነ ግን በ8 ኪሎ ሜትር፡፡ ሥራው በሁለቱም አንድ ነው፤ ሆኖም በሁለተኛው እግር የሚገፋው ኀይል እጥፍ ይሆናል፤ ካምቢዮ የሌለው ብስክሌትም ከዚህ ላይ ተገፍቶ እንጂ ተነድቶ አይወጣም፡፡

የጥንቱ የጅማ መንገድ ስለዚህ ተዳፋት ደንታ አልነበረውም፡፡ ለመንኰራኵር ሳይሆን ለበቅሎ የተሠራ ነበርና ሸንተረሩን ይዞ በቀጥታ ይወጣ፣ በቀጥታም ይወርድ ነበር፡፡ ጭነት የተሸከመች በቅሎ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ቢባል፣ የዛሬው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የጅማና የአዲስ አበባ ጉዞ፣ ወንዝ ሳይሞላና ጭነት ሳይወድቅ፣ ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር ማለት ነው፡፡ ክረምት ሲገባ ደግሞ ግቤ ራሱ ኬላ ይሆናል፡፡

ኬላ የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ያነሣነው በከንቱ አይደለም፡፡ በአምስቱ የግቤ መንግሥታት ማለትም በሊሙ ኤናርያ፣ በጎማ፣ በጉማ፣ በጌራና በጅማ የየአገሩ ወሰን በጉድጓድና በአጥር የተከበረ ስለ ነበር፣ መንገዶች ሁሉ የሚገቡትና የሚወጡት በኬላ በር በኩል ነበር፡፡ በጅማ በሩን የሚጠብቀው ሹም አባ ኬላ ይባል ነበር፡፡ ከሃምሳ ዓመት በላይ የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲያጸኑ፣ ከኮረብታው ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራብ ንግድ ሁሉ መገናኛ ሆኖ ነበር፡፡ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ፣ መናገሩ ቢያሳፍርም ባሪያውም ጭምር፣ በእነዚሁ መንገዶች ያልፍ ነበር፡፡ የዛሬዋ የጅማ ከተማ በሂርማታ ዙሪያ አደገች፤ ሰቶ ሰመሮን የመሳሰሉት ቀበሌዎቿም ዛሬ ወደ ገጠሩ ይዘልቃሉ፡፡

የመኪና መንገድ ሐሳብ ከጣልያን ወረራ በፊት የተጀመረ ቢሆንም፣ የግቤን ገደል በዚግዛግ ጥምዝ እያለዘበ ያወረደውና ያወጣው መንገድ የወረራው ዘመን ሥራ ነው፡፡ የተሠራው ለቡና ገበሬ ታስቦ አልነበረም፤ ለጦር ካሚዮን ነበር፡፡ ይሁን እንጂ የካሚዮን ሞተርና የሰው እግር በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ረጅምና ለስላሳ ዳገት ይወዳሉ፡፡ ስለዚህ ለወረራ የተቀየሰው መንገድ ሳይታሰብ ለብስክሌት የተስማማ ሆኖ ተገኘ፡፡ ከመንገዱ ጋር ቃሉም አብሮ ገባ፡፡ ፍሬን፣ ካምቢዮና ካቴና የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፡፡ ጎማም እንዲሁ፤ ምንም እንኳ የአጋሮ ሰው «ጎማ» ሲባል ከመንኰራኵሩ አስቀድሞ የራሱን አገር ቢያስብ አይፈረድበትም፡፡

መንገዱ ብዙም ሳይቆይ በሠሪዎቹ እጅ ተሰበረ፡፡ በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ወደ ጅማ ሲያፈገፍግ የግቤን ድልድይ አፈረሰ፤ በግንቦት መጨረሻ በአበልቲ በኩል ወንዙን ለመሻገር ብርቱ ውጊያ ተደርጎ፣ ጅማ ራሷ በሰኔ አጋማሽ ተያዘች፡፡ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአገሪቱ መንገዶች በጥገና ማጣት ፈራረሱ፡፡ ቱቦው ተደፈነ፣ ቦዩ ሞላ፣ ውኃው በመንገዱ ላይ መሄድ ጀመረ፡፡ መንገድን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጭነት ሳይሆን ውኃ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም፡፡

ይህን ለማቃናት በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ፡፡ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የዓለም ባንክ ለመንገድ የሚውል 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር፤ የሥራው መሪዎችና መሐንዲሶችም ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ እንዲመጡ ተደረገ፡፡ የዚህ ቢሮ አመጣጥ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1880 የአሜሪካ ብስክሌት ጋላቢዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በጭቃ የሚዋጠው የገጠር መንገድ እንዲሻሻል መንግሥታቸውን ይወተውቱ ጀመር፡፡ ገበሬው በመጀመሪያ የከተማ ሰዎች ጨዋታ ነው ብሎ ተቃወማቸው፤ እህሉን ገበያ የሚያደርስለት ያው መንገድ መሆኑን ሲረዳ ግን አብሯቸው ቆመ፡፡ ከዚህ ውትወታ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1893 በግብርና መሥሪያ ቤት ሥር አንዲት ትንሽ የመንገድ ጥናት ክፍል ተከፈተች፤ እርሷም እያደገች ሄዳ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ሆነች፡፡ መኪና ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ብስክሌተኞች የጮኹበት ጉዳይ፣ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ የጅማን መንገድ የሚጠግን መሐንዲስ ሆኖ ግቤ ደረሰ ማለት ይቻላል፡፡

በአገራችንም ብስክሌት የክብር ዘመን ነበረው፡፡ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ላይ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ፀሐዬ ባህታ በብስክሌት ተሰልፈዋል፡፡ ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም ባዶ እግሩን ሲያሸንፍ የሕዝቡ ዐይን ወደ ሩጫ ዞረና ብስክሌቱ ተረሳ፡፡

በጅማ ዙሪያ ለብስክሌት የሚመቹት መንገዶች ዛሬ ዋናው የአዲስ አበባ ጐዳና ያልሆኑት ናቸው፡፡ ከጅማ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አጋሮ የሚወስደው መንገድ በጥላ ዛፍ ሥር በተተከለ ቡና መካከል ይጠማዘዛል፤ ከአጋሮ ወዲያ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ ወደ በደሌ ይወጣል፡፡ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሰቃ ጨቆርሳን አልፎ የበለጠን ደን የሚሰነጥቀው መንገድ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል እያሳየ ወደ ሸቤና ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ከጎጀብ ማዶ ከፋ ነው፡፡ ከእነዚህም ይልቅ ጸጥታ ያላቸው፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት በተያዘው ፕሮግራም የተጠረጉት የጠጠር መንገዶች ናቸው፡፡ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚከተሉት የዱሮውን የበቅሎ መንገድ በመሆኑ ዳገታቸው ቀጥ ያለ ነው፡፡ በጥቅምትና በኅዳር ቀይ ቡና ተለቅሞ በዚያው ቀን ወደ መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ዋጋውም ይወድቃል፡፡ አንድ ጆንያ በኋላ መቀመጫው ላይ አስሮ ለሚገፋ ገበሬ በ5ና በ10 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት ልዩነት አይደለም፡፡

ይህን የመሰለ ጉዳይ በሌላው ዓለምም ተነሥቷል፡፡ በጣልያን አገር በቶስካና ኮረብቶች፣ በወይንና በወይራ እርሻዎች መካከል የሚያልፉት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች አንድ በአንድ አስፋልት እየለበሱ ሲጠፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ተጀመረ፤ ዓላማውም መንገዶቹ እንደ ቅርስ እንዲጠበቁ ማድረግ ነበር፡፡ የእኛ ገበሬ አስፋልት ቢመጣለት አይጠላም፤ ስለዚህ ያንን ዓላማ እንዳለ መቅዳት ሞኝነት ይሆናል፡፡ ልንቀዳው የሚገባን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የአንድን ጸጥተኛ መንገድ ዋጋ በቀን በሚያልፉት መኪኖች ቍጥር ብቻ አለመለካት ነው፡፡

የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት ስፍራ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሐሳቡ ግን ይበልጡን የከተማ ነው፡፡ በገጠር ዋናው ጥያቄ የመንገዱ ትከሻ ነው፡፡ አንድ ሜትር ተኩል ጠንካራ ትከሻ ለገበሬው፣ ለተማሪውና ለአህያው ሁሉ ይበቃል፤ ወጪ ለመቀነስ ሲባል በመጀመሪያ የሚቆረጠውም እርሱ ነው፡፡ ሌላው ጥያቄ ደግሞ የተጣሉት ጥምዞች ናቸው፡፡ አንድ ነባር መንገድ ለፍጥነት ሲባል ሲቃና፣ አሮጌው ረጅም ጥምዝ ከጎኑ ተቈርጦ ይቀራል፤ ተዳፋቱ የለዘበ፣ መሠረቱ የረጋ፣ መኪና የማይደርስበት ነው፡፡ ቱቦው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በፊት፣ ቢጠረግለት ለብዙ ዓመታት ብስክሌትና ጭነት ያሳልፋል፤ ካልተጠረገ ግን በሁለት ወይም በሦስት ክረምት ውስጥ ውኃው መሐሉን ይቆርጠዋል፡፡