ዋስ

«ዋስ ጠበቃ አያሳጣህ» ብለን እንመርቃለን። በባንክ ወረቀት ላይ ግን ዋስ ማለት ተበዳሪው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ በፊርማው የታሰረ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አኃዙን ፈልጉ። «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ሐረግ ደግሞ ደጋግማችሁ አንብቧት፤ ባንኩ ተበዳሪውን ሳያስቀድም በቀጥታ ዋሱን እንዲከስ በር የምትከፍተው እሷ ናት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት በብድር ሊገዙ ለተዘጋጁ ነው። ብድሩ ተፈቅዶ ገንዘቡ እስኪለቀቅ፣ ስመ ንብረቱም እስኪዛወር ጊዜ ይወስዳል። «አንድ ፊርማ ብቻ» የሚል የሥራ ባልደረባ በዚህ መሃል ይመጣል። ባንኮች የደንበኛን የብድር ታሪክ ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያጣራሉ፤ በሌላ ሰው ዕዳ መጠየቅም የመክፈል አቅምን ያሳንሳል። ቤቱ በስማችሁ እስኪዞር አዲስ ዋስትና አትግቡ። ቀድሞ የፈረመ ካለ የቀረውን ዕዳ ከአበዳሪው በጽሑፍ ይጠይቅና ቤት ለሚያበድረው ባንክ ሳይደብቅ ያሳውቅ።