ጄረሚ ቤንታምና የሕግ ጥቅም

ሕግ በሰው ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ ሰውየው ሕጉን ሊያውቀው ይገባል። ይህ ነገር ዛሬ ሲሰሙት ክርክር የሌለበት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስለዚሁ ነገር ዕድሜ ልኩን የደከመ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቤንታም በ1748 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበረ ልጁ በዚያው ሙያ ከፍ ካለ ማዕርግ እንዲደርስ ይመኝ ነበር። ልጁም ገና በ12 ዓመቱ ኦክስፎርድ ገብቶ፥ ስመ ጥሩውን የሕግ መምህር ዊልያም ብላክስቶንን ለመስማት በቃ። ነገር ግን መምህሩ የአገሩን ሕግ ሲያመሰግን፥ ተማሪው በልቡ ይጠራጠር ነበር። በ1769 የጥብቅና ፈቃድ ቢያገኝም፥ በሕጉ ከመክበር ይልቅ ሕጉ የሚታረምበትን መንገድ መመርመር መረጠ።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ አብዛኛው ዳኞች በየዘመኑ ከሰጡት ፍርድ የተከማቸ ነበር እንጂ፥ በአንድነት ተደንግጎ የተጻፈ አልነበረም። ቤንታም ይህን አሠራር ውሻ ከማረም ጋር አመሳሰለው፤ ጌታው ውሻው እስኪያጠፋ ቆይቶ ይመታዋልና፥ እንስሳው የተከለከለውን የሚያውቀው ከዱላው በኋላ ነው። ቅጣቱም ከጥፋቱ ጋር አይመዛዘንም ነበር፤ አምስት ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ ከሱቅ በስውር የሰረቀ ሰው በሞት ሊቀጣ ይችል ነበር።

በ1776 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው መጽሐፍ ብላክስቶንን ነቀፈ። በ1789 ስለ ግብረ ገብና ስለ ሕግ አወጣጥ ባወጣው መጽሐፍም ዋናውን ሐሳቡን ዘረዘረ። እንደ እርሱ አስተያየት፥ ሰውን የሚገዙት ደስታና ሥቃይ ስለ ሆኑ፥ የሕግ ደግነት የሚመዘነው ለሚነካቸው ሰዎች ሁሉ በሚያስገኘው ደስታና በሚያስቀረው ሥቃይ ነው። ቅጣትም ራሱ ሥቃይ ነውና፥ የሚፈቀደው ከእርሱ የከፋውን ለመከላከል ሲያገለግል ብቻ ነው፤ ከሚበቃው በላይ የሚቀጣ ሕግ ራሱ አጥፊ ይሆናል።

የጄኔቫው ተወላጅ ኤትየን ዱሞን በ1802 ጽሑፎቹን በፈረንሳይኛ ካወጣለት በኋላ፥ የቤንታም ስም በብዙ አገር ተሰማ። እርሱም በ1811 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለማዲሰን ጽፎ የተሟላ ሕግ ላርቅቅላችሁ አለ፤ ማዲሰን ግን ልመናውን ሳይቀበል ቀረ።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ቤንታም ጠባቂው በመካከል ተቀምጦ እስረኞቹን ሁሉ የሚያይበት፥ እነርሱ ግን እርሱን የማያዩበት ክብ ወህኒ ቤት ነደፈ። ብዙ ዓመት ደክሞበት ሳይሠራ ቢቀር፥ መንግሥት በ1813 23,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለው። ሕግ በስውር መያዙን የጠላ ሰው፥ እስረኛን ያለ ዕረፍት በስውር ዓይን ሥር ማኖሩን እንደ ጥቅም ቈጠረው። ደግሞም መብት ከሕግ ብቻ የሚገኝ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፥ የብዙዎች ደስታ የጥቂቶችን ጉዳት ሲጠይቅ ጥቂቶቹ በምን ይጠበቃሉ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ቤንታም ሰኔ 6 ቀን 1832 በ84 ዓመቱ ሞተ፤ የፓርላማን አመራረጥ ያሻሻለው ሕግም በማግሥቱ በንጉሡ ጸደቀ። በዚያ ዘመን ሬሳው ለሐኪሞች ምርመራ የሚሰጥ ሰው በነፍሰ ገዳይነት የተሰቀለ ስለ ነበር፥ ነገሩ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ቤንታም ግን ሬሳው ለትምህርት እንዲውል ተናዘዘ። አጥንቱም የራሱን ልብስ ለብሶ፥ ከሰም የተሠራ ራስ ተደርጎለት፥ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጦ ይታያል።

ሕግ የሚያረቅቅም ሆነ ደንብ የሚጽፍ ሰው በሐሳቡ ሁሉ ባይስማማ እንኳ፥ ጥያቄውን ከፊቱ ማራቅ አይገባውም፦ ይህ ትእዛዝ ማንን ይጠቅማል? ማንን ይጐዳል? የሚታዘዘውስ ሰው አስቀድሞ አውቆታልን?